ልጅ የለኝም፤ ለትምህርት ቤት ልክፈል?

ለዛሬ የፍቅሩን ወግ ትንሽ ቆም አድርገን ስለ ገንዘብ እናውጋ። «ገንዘብ ደግሞ ከትዳር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ካለ ገና አላገባም ማለት ነው። ባልና ሚስት የሚጣሉት በሌላ ሰው ምክንያት ብቻ አይደለም። አንዳንዴ አንዲት ወረቀት ትበቃለች።

«ቦንድ» የሚለውን ቃል እኛ አገር የማያውቀው የለም። የአባይ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ ወዲህ ስንቱ ደመወዝተኛ እያስቆረጠ ገዝቷል። ቦንድ የገዛ ሰው አበዳሪ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ገንዘቡ ይመለስለታል። የካሊፎርኒያው የትምህርት ቤት ቦንድ ግን ለየት ይላል። እዚያ ቦንዱን የሚገዙት ባለ ገንዘቦች ናቸው። ነዋሪው የሚጠየቀው «ትምህርት ቤት እንሥራበት፣ ዕዳውን ከቤት ግብራችሁ ትከፍላላችሁ ወይ?» ተብሎ ነው። ይኼንንም የሚወስነው በድምፅ ነው። ድሮ ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በጸደቀው ፕሮፖዚሽን 39 ግን 55 በመቶ ይበቃል ተባለ።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጸው ላይ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ለኖቬምበር 5ቱ ምርጫ የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ ቤታቸው መጥቷል። ከፕሬዚዳንቱ ምርጫ በታች «ሜዠር ዩኤስ» የሚባል አለ። የከተማው ትምህርት ቤቶች የሚታደሱበትና የሚሠሩበት የ9 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ነው። በወጣው ግምት መሠረት ለግብር ከተገመተው የቤት ዋጋ ላይ ለእያንዳንዱ 100 ሺህ ዶላር በዓመት 25 ዶላር ገደማ ያስከፍላል። የእነሱ ቤት 600 ሺህ ዶላር ተገምቷል። ስለዚህ በዓመት 150 ዶላር መሆኑ ነው።

እህቴ ዜግነት ስላልወሰደች መምረጥ አትችልም። መራጩ ባሏ ነው። ቡና እየጠጡ ወረቀቱን ሲያነብ ቆየና «ልጅ የሌለው ሰው ለሰው ልጅ ትምህርት ቤት የሚሠራው በምን ዕዳው ነው?» አለ።

ከተጋቡ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅ አልወለዱም። ስንት ሐኪም ቤት እንደተመላለሱ የማውቀው እኔ ነኝ። ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሌሊት ሌሊት መኪና እየነዳ የቤት ዕዳ የሚከፍል ሰው ነው። ምናልባት የታየው 150 ዶላሩ ብቻ ይሆናል። እህቴ የሰማችው ግን ሌላ ነው። ሲኒዋን አስቀምጣ መኝታ ቤት ገባች። ሦስት ቀን አልተነጋገሩም።

«አንቺ ጋዜጣ ላይ የምትጽፊ አይደለሽ? ማናችን ነን ትክክል?» አለችኝ።

እስቲ ፍረዱ! እንዲያው ለእህቴ አደላሁ እንዳትሉኝ የእሱን ወገን ላስቀድም። ጋሼ ዝም ብሎ ስስታም አይደለም። ሳን ዲዬጎ አካባቢ ያለ የፓዌይ ትምህርት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2011 105 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተበደረ። ክፍያው ለዓመታት ስለተገፋ ወለዱ ተቆለለና የሚመለሰው ገንዘብ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ። ያኔ ገና ያልተወለዱ ልጆች ሳይቀሩ አድገው የሚከፍሉት ዕዳ ነው። ጉዳዩ ብዙ ካነጋገረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሕግ፣ ለወደፊቱ የሚመለሰው ከተበደሩት ከአራት እጥፍ እንዳይበልጥ ገደብ አበጀ። ስለዚህ «ስንት ተበድረን ስንት እንመልሳለን?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

በሌላ በኩል ደግሞ ይኼን ተመልከቱ። ሎስ አንጀለስም እንደኛው ፈረቃ ነበራት ብላችሁ ታምናላችሁ? የእነሱ የጠዋትና የከሰዓት አልነበረም። ክፍል ስለማይበቃ ልጆቹን በቡድን ከፍለው፣ አንዱ ቡድን ሲያርፍ ሌላው እየገባ ዓመቱን ሙሉ በተራ ይማሩ ነበር። ሰፈራቸው ቦታ የጠፋላቸው ልጆች በአውቶቡስ ሩቅ ይወሰዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ነዋሪው ተራ በተራ ባጸደቃቸው ቦንዶች ከ130 በላይ አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ተሠሩ። ለዚያ ከከፈሉት መካከል ልጅ የሌላቸው፣ ልጆቻቸው ተምረው የጨረሱና አከራዮቻቸው ግብሩን በኪራይ የጫኑባቸው ተከራዮች ይገኙበታል።

እኔም በፈረቃ የተማርኩ ነኝ። ከሰዓት ፈረቃ ስንገባ ወንበሩ ከጠዋቶቹ ልጆች ሙቀት አይበርድም ነበር። ታዲያ ሰፈራችን ውስጥ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይሠራል ተብሎ መዋጮ ተሰበሰበ። ከሁሉ ቀድመው የከፈሉት ጥግ ላይ ሱቅ ያላቸው፣ ያላገቡ፣ ያልወለዱ ሽማግሌ ነበሩ። «ያነበበ ልጅ ሱቄን አይሰብርም» ሲሉ ሰምቻለሁ። ነገር ግን መሠረቱ ተቆፍሮ፣ ጥቂት ድንጋይ ተራግፎ፣ እዚያው ቀረ። ብሩ የት ገባ? ዛሬም ድረስ የነገረን የለም። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ለምንም ነገር አላዋጡም። ማን ይፈርድባቸዋል?

በካሊፎርኒያው አሠራር ያስቀናኝ ይኼ ነው። በፕሮፖዚሽን 39 የሚጸድቅ ቦንድ የሚሠራው ሥራ አስቀድሞ ተዘርዝሮ መቅረብ አለበት። በየዓመቱ ኦዲት ይደረጋል። ከነዋሪው የተውጣጣ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ አለው። ለመምህራንና ለኃላፊዎች ደመወዝ ማዋል ክልክል ነው። ሰው እምነት የሚጥለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ለእህቴ ምን አልኳት? «የተጣላችሁት በቦንድ አይደለም። ቃሉ እንደወጋሽ ንገሪው፤ ካልነገርሽው አያውቅም። ምርጫውን ግን ለእሱ ተዪለት» አልኳት። ነገረችው። ጋሼ ብዙ ሰዓት ዝም ብሎ ተቀመጠና «እኔንም እኮ ይወጋኛል፤ ለዚያ ነው ወረቀቱን ማየት ያስጠላኝ» አላት። በስምንት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲናገር ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር። ፖስታውን አሽጎ፣ ፈርሞ፣ ራሱ ወስዶ አስገባው። ምን ብሎ እንደመረጠ አልጠየቀችውም። ድምፅ በቤት ውስጥም ምስጢር ነው። ቦንዱ ከሚፈለገው 55 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝቶ አለፈ።

እንግዲህ ወጣቶች፣ እናንተም ዛሬ ባይሆን ነገ «ለትምህርት ቤት አዋጡ» መባላችሁ አይቀርም። ያን ጊዜ «ልጅ አለኝ ወይ?» ብላችሁ አትጀምሩ። እናንተን ያስተማረው ክፍል የተሠራው እናንተን በማያውቅ ሰው ገንዘብ ነው። ይልቅ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን ይሠራበታል? በጠቅላላው ስንት ያስወጣኛል? ማን ይቆጣጠረዋል? መልስ ካገኛችሁ ክፈሉ። መልስ ካጣችሁ ደረሰኝና ሪፖርት እስኪመጣ አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ ቢቻል ኮሚቴው ውስጥ ግቡ። ባለትዳሮች ደግሞ ስለ ብር ስትከራከሩ ከብሩ በስተጀርባ ያለውን ቁስል አትርሱ።