«መድረሻው ያልታወቀ» የተባለው መንገድ፦ ስለ ትኬት፣ ስለ መርከብና ስለ ዋግ

የአውሮፕላን ትኬት ገበያ የተገነባው መንገደኛ ከደረሰበት ከተማ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል በሚል ግምት ላይ ሲሆን፣ «ደርሶ መልስ» የሚለው የተለመደ ስያሜም ግምቱን በሁለት ቃላት ጠቅልሎ ይዞታል። ግምቱ ለነጋዴው፣ ለስብሰባ ተጓዡና ለቤተሰብ ጠያቂው በአብዛኛው ይሠራል፤ የሚፈርሰው ግን የመንገደኛው ጉዳይ መንገዱ ራሱ በሆነ ጊዜ ነው። ከእነዚህ መንገደኞች መካከል በብዛት የሚጠቀሱት «ክሩዝ» በሚባለው ጉዞ፣ ማለትም ማደሪያውንም መጓጓዣውንም በአንድነት ይዞ ከወደብ ወደ ወደብ በሚዘዋወር የመዝናኛ መርከብ፣ ከአንድ ከተማ ተሳፍረው በሌላ ከተማ የሚወርዱት ናቸው። ከባሕር የራቁት፣ በሰሜን ኢትዮጵያ የሚገኙት የዋግ ተራሮች ከዚህ ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው ለጊዜው ግልጽ አይመስል ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ላሊበላ አርፎ በጋዝጊብላ በኩል ወደ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣም በዐቢይ ዐዲ ወደ አክሱም ለሚዘልቅ ሰው የሚያስፈልገው ትኬት፣ ባርሴሎና ላይ መርከብ ተሳፍሮ ሮም አጠገብ ለሚወርደው ሰው ከሚያስፈልገው ጋር በዓይነቱ አንድ ነው።

ይህን ዓይነቱን ትኬት የአየር መንገድ ሰዎች «ኦፕን ጆው» ይሉታል። ፍቺው «የተከፈተ መንጋጋ» ነው፤ መንገደኛው የሄደበትና የተመለሰበት መስመር በካርታ ላይ ሲሣሉ በቤቱ በኩል ተገጣጥመው በሌላው ጫፍ ሳይገናኙ ስለሚቀሩ የወጣለት ስም ሲሆን፣ በበይነ መረብ ለሚገዛ ሰው «መልቲ ሲቲ» በሚለው ምርጫ ሥር ይገኛል። ዋጋው ብዙውን ጊዜ የሚሰላው የሁለቱን ከተሞች የደርሶ መልስ ታሪፍ ግማሽ በግማሽ በመደመር ስለሆነ፣ ሁለት የመሄጃ ብቻ ትኬቶችን ለየብቻ ከመግዛት በአመዛኙ ይረክሳል። በረጅም ዓለም አቀፍ መስመሮች ላይ የመሄጃ ብቻ ዋጋ አንዳንድ ጊዜ ከደርሶ መልሱ ጋር መተካከሉ፣ አልፎ ተርፎም መብለጡ ለብዙ ገዢ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው፤ ምክንያቱ ግን የአውሮፕላን ወንበር ዋጋ በኪሎ ሜትር የሚተመን አለመሆኑና ሻጩ የገዢውን ፍላጎት ገምቶ የሚወስነው መሆኑ ነው። አንዳንዶች ይህን ለማለፍ ደርሶ መልስ ገዝተው ከፊሉን ለመተው ያስባሉ፤ የመጨረሻውን በረራ መተው ቢቻልም እንኳ የመጀመሪያውን መተው አይቻልም፣ ምክንያቱም የትኬቱ ክፍሎች በተጻፉበት ቅደም ተከተል ካልተበረሩ መንገደኛው «ኖ ሾው»፣ ማለትም ተጠብቆ የቀረ፣ ተብሎ ይመዘገብና የቀሩት በረራዎች በሙሉ ይሰረዙበታል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ግን የመመዝገቢያ ሥርዓቱ በሁለቱ ያልተገናኙ ጫፎች መካከል ለሚቀረው ክፍተት የሚሰጠው ስያሜ ነው። ሥርዓቱ የመንገደኛውን ጉዞ ያልተቋረጠ ሰንሰለት አድርጎ ስለሚያነብ፣ አንዱ በረራ ላሊበላ አብቅቶ ቀጣዩ ከአክሱም ሲነሣ ስሕተት እንዳይመስለው በመካከል «አርንክ» የሚል የአራት ፊደላት ምልክት ይገባለታል። ምልክቱ ከእንግሊዝኛ የተቀነጨበ ሲሆን «መድረሻው ያልታወቀ» ማለት ነው። መንገደኛው በመካከል በአውቶቡስ ይሂድ፣ በመርከብ ይሂድ፣ በበቅሎ ይሂድ፣ ሥርዓቱ ለማወቅ አይፈልግም፤ የሚያውቀው ሰውየው በአንዱ በር እንደገባና በሌላው እንደሚወጣ ብቻ ነው። ኮዱን ያወጡት ሰዎች ስለ ዋግ ሰምተው እንደማያውቁ መገመት አያዳግትም፤ ነገር ግን አንድን ሙሉ አገር፣ ከነገበያው፣ ከነቋንቋውና ከነአብያተ ክርስቲያናቱ፣ በዚህ ስም መጥራት ምን ማለት እንደሆነ ከዋግ በኩል ሲታይ በደንብ ይገባል።

በመርከብ ጉዞ ይህን ክፍተት የሚሞላው መርከቡ ነው፤ እንዲያውም ክፍተቱ የንግዱ ዋና ዕቃ ነው። በሜዲትራኒያን ባሕር ከባርሴሎና ተነሥቶ ጉዞውን ቺቪታቬኪያ ላይ የሚጨርስ መርከብ መንገደኞቹን የሚያወርደው ለሮም ወደብ ሆና በምታገለግል፣ ነገር ግን ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቅ ከተማ ስለሆነ፣ መርከቡ ጠዋት ገባ ብሎ የረፋድ በረራ የሚይዝ ሰው ርቀቱን ሳይቆጥር ቀርቷል ማለት ነው። በአሜሪካ ደግሞ የሁለት ከተማ ጉዞ ሕግ የወለደው ነገር ነው፤ በ1886 እ.ኤ.አ. የወጣው የመንገደኞች መርከብ ሕግ በውጭ አገር ባንዲራ የሚሄድ መርከብ፣ ራቅ ያለ የውጭ አገር ወደብ ሳይነካ፣ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ያሳፈረውን ሰው በሌላ የአሜሪካ ወደብ እንዳያወርድ ስለሚከለክል፣ ብዙዎቹ የአላስካ መርከቦች በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲጓዙ ከካናዳዋ ቫንኩቨር ተነሥተው ሱዋርድን በመሳሰሉ የአላስካ ወደቦች ይጨርሳሉ። ስለዚህ በሲያትል የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህን ጉዞ ቢመርጥ መግቢያው ቫንኩቨር፣ መውጫው ከሱዋርድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው አንኮሬጅ ትሆንና፣ ከትኬቱ በፊት የካናዳ መግቢያ ፈቃዱን ማጣራት ይኖርበታል።

የመግቢያ ፈቃድ ጉዳይ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዝ ሰው ከታሪፉ ይልቅ ይከብዳል። የሼንገን ቪዛ፣ ማለትም ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሰጡት የመግቢያ ፈቃድ፣ የሚጠየቀው መንገደኛው ረዘም ላለ ጊዜ ከሚቆይበት አገር ነው፤ ቆይታው እኩል ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ ከሚገባበት አገር ይሆናል፤ ስለዚህ መግቢያና መውጫው የተለያየ ሰው የትኛው ኤምባሲ ዘንድ እንደሚያመለክት የሚወስነው ትኬቱ ብቻ ሳይሆን የመርከቡ የቀን ሰሌዳም ነው። መርከቡ በመሐል ቱርክን ወይም ሞንቴኔግሮን የሚነካ ከሆነም መንገደኛው ከሼንገን ወጥቶ ተመልሶ ስለሚገባ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ቪዛ መሐል ላይ ያቆመዋል። ክሮኤሽያ በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ወደ ሼንገን በመግባቷ አንድ ወጥመድ ተወግዷል፤ የቀሩት ግን እንዳሉ ናቸው። ሌላው ሁሉ ከተሟላ በኋላም መርከብ ለዘገየ መንገደኛ ስለማይቆም፣ ከመነሻው ቢያንስ አንድ ሌሊት ቀድሞ መድረስ በዚህ ጉዞ ልማድ እንደ ግዴታ ይቆጠራል።

በኢትዮጵያ ለዚህ እጅግ የሚቀርበው ምሳሌ ጣና ላይ ይገኛል። ከባሕር ዳር ተነሥታ ደሴቶቹንና የዳር መንደሮቹን እየነካች፣ ቁንዝላ አድራ በማግስቱ ጎርጎራ የምትገባው የሐይቁ ጀልባ ለብዙ ዓመታት በሳምንት አንድ ጊዜ ስትመላለስ የኖረች ሲሆን፣ በአንዱ ጫፍ የባሕር ዳር፣ በሌላው ጫፍ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ መኖሩ ጉዞውን የተሟላ የሁለት ከተማ ጉዞ ያደርገዋል። በ2017 ዓ.ም. «ጣናነሽ ሁለት» የተባለችው አዲስ መርከብ ከጅቡቲ ወደብ ተጭና በየብስ ባሕር ዳር መግባቷም፣ በጉዞዋ ሁሉ በየከተማው ሕዝብ እየወጣ የተመለከታት በመሆኑ፣ መርከብ ራሷ በመኪና መንገድ የተጓዘችበት ያልተለመደ ታሪክ ሆኗል። እንደዚያም ሆኖ አብዛኛው ጎብኚ ወደ ባሕር ዳር ይበርራል፣ ወደ ጎንደር ይበርራል፣ ጎርጎራን ግን አያያትም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ካደረገ በኋላ፣ በሰሜኑ አገር ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን አስተሳስሮ «ታሪካዊው መስመር» የሚባለውን ዙር ፈጥሯል። ዙሩ ለቱሪዝም ትልቅ ነገር የሠራ መሆኑ አይካድም፤ በዓለም አቀፍ በረራው ለመጣ የውጭ አገር መንገደኛ የአገር ውስጥ በረራ በቅናሽ መሸጡም ብዙዎችን ወደ ሰሜን ስቧል። ነገር ግን አራቱን ከተሞች እንደ ደሴት አድርጎ፣ በመካከላቸው ያለውን ምድር ከደመና በላይ የሚታለፍ አድርጎታል። በዋግ ኽምራ መደበኛ የመንገደኞች በረራ የሚያርፍበት ጣቢያ ባለመኖሩ፣ በጣም ቅርብ የሆነው ማረፊያ ላሊበላ ነው፤ ከዚያ የሚነሣውም አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አክሱም ያደርሳል።

ያንኑ ርቀት በየብስ የሚሄድ ሰው የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ከላሊበላ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ በቢልባላ በኩል ሲያልፍ፣ ከላሊበላ ፍልፍሎች ቀድሞ በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ረድፍ የተገነባውን የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በቅርብ ያስቀምጠዋል፤ ከላስታ ወሰን በኋላ ጋዝጊብላ ይቀበላል፤ ከዚያም ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ሰቆጣ ከፍልፍል ቤተ ክርስቲያኗ ከውቅር መስቀለ ክርስቶስ ጋር ትገኛለች። የንግግሩ ድምፅ ከአማርኛ ወደ ኽምጣና፣ ቀጥሎም ወደ ትግርኛ ይሸጋገራል። ኽምጣና የአገው ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ በብዙ ጎብኚ ጆሮ ያልገባው በሌላ ምክንያት አይደለም፤ የሚነገርበት ምድር በሁለት ማረፊያዎች መካከል በመዋሉ ነው። በነሐሴ የሚከበረው የልጃገረዶች በዓልም እንዲሁ ስሙን እየቀያየረ አብሮ ይጓዛል፦ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። በአውሮፕላን አንድ ከተማ ላይ የሚያርፍ ሰው አንዱን ስም ሰምቶ፣ በዓሉ የዚያች ከተማ ብቻ እንደሆነ አምኖ ሊመለስ ይችላል፤ የበዓሉ ስም የማን ነው በሚል በየዓመቱ የሚነሣው ክርክር ግማሹ ከዚህ ዓይነት ጉዞ ሳይመነጭ አይቀርም።

ይህ ምድር ድሮም መተላለፊያ ነበር። በአፋር በረሓ የሚቆረጠው የአሞሌ ጨው፣ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ያገለገለው ማለት ነው፣ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ እየወጣ ከሚገበይባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ሰቆጣ ነበረች፤ አሞሌው ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይጨምር ነበር። ለሲራራ ነጋዴ ትልቁ ኪሳራ ባዶ መመለስ ስለነበረ፣ ጨው ያወረደ እንስሳ ሌላ ሸቀጥ ሳይጫን እንዲመለስ አይፈለግም ነበር። የዛሬዎቹ የመርከብ ኩባንያዎችም ወቅት ሲለወጥ፣ በጸደይ ከካሪቢያን ወደ ሜዲትራኒያን፣ በመከር በተቃራኒው፣ መርከቦቻቸውን ባዶ ላለማሻገር ሲሉ የአትላንቲክን ማቋረጫ ጉዞ በርካሽ መሸጣቸው የዚያው የነጋዴ ስሌት ነው፤ በርካሽ የተሳፈረው ሰው ግን ማዶ ከወረደ በኋላ የመመለሻውን በረራ ዋጋ ሲያይ ቅናሹ የት እንደገባ ይረዳል።

በዋግ ያለው ችግር መካከለኛውን መንገድ የሚሸጥ ሰው አለመኖሩ ነው። መርከቡ ክፍል፣ ምግብ፣ አስጎብኚና የመድረሻ ሰዓት በአንድ ደረሰኝ ሲያቀርብ፣ ከላሊበላ እስከ አክሱም ያለው ግን በአውቶቡስ መናኸሪያ፣ በተከራየ መኪናና በጥየቃ የሚቀጣጠል ነው። የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ ይህንኑ ቀጭን ክር በጥሶታል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የመቀሌ በረራ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ቢጀመርም፣ ከዚያው ዓመት አጋማሽ በኋላ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዶቹን ከወር ወር የሚለዋወጡ አድርጓቸዋል፤ ስለዚህ በትኬት ላይ ያለው ክፍተት አንዳንድ ጊዜ በእርግጥም መድረሻው የማይታወቅ ሆኗል። ይህን ጉዞ የሚያስብ ሰው የመንገዱን ሁኔታ ከሰቆጣና ከላሊበላ ሰዎች ሳያጣራ መነሣት የለበትም፤ ትኬቱንም ቀን መቀየር ከሚፈቅደው ታሪፍ ቢገዛ ይመረጣል፣ ምክንያቱም የየብሱ ክፍል ሲዘገይ የሚቃጠለው የመውጫው በረራ ነው። የአገር ውስጡና የዓለም አቀፉ በረራ በአንድ ትኬት ላይ ቢጻፉ ደግሞ፣ አንዱ በአየር መንገዱ ምክንያት ሲዘገይ ሌላውን የማስተካከል ግዴታ በሻጩ ላይ ይወድቃል፤ በተለያዩ ትኬቶች ከተገዙ ግን ሁሉም በመንገደኛው ትከሻ ላይ ይቀራል።

በውጭ አገር የሚኖር የዋግ ተወላጅ ለሻደይ ሲመጣ የሚያጋጥመው ስሌትም ይኸው ነው። በዓሉ የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት በነሐሴ 16 ጀምሮ ለቀናት ስለሚቆይና ወሩ ክረምት በመሆኑ፣ ደመናው ላሊበላ ላይ በረራ ሊያዘገይ፣ ጭቃው በጋዝጊብላ በኩል መኪና ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ላሊበላ ከነሐሴ 13 ባልዘገየ ቀን መግባት፣ መውጫውንም ከመቀሌ ወይም ከአክሱም ከነሐሴ 24 ባልቀደመ ቀን መያዝ ያስፈልጋል፤ በመካከል ያሉት ዐሥራ አንዱ ቀናት በመመዝገቢያው ላይ በአራት ፊደላት ይታለፋሉ።