መረብ የሌለው ጨዋታ

ዛሬ ስለ ስፖርት ልጽፍላችሁ ነው። ግን የራሴም ጉዳይ አለበትና እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለፈው ወር 7ኛ «ሀ» እና 7ኛ «ለ» እግር ኳስ ሲጋጠሙ እኔ የ«ሀ» አጥቂ ነበርኩ። የ«ለ» ተከላካይ ደግሞ የሰፈሬ ልጅ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የምንመጣው አብረን ነው። ከረጅም ርቀት የተመታች ኳስ መጣችና ሁለታችንም ሮጥን። ሊቀድመኝ ሲል በክርኔ ገፋሁት። ወደቀ፤ እኔም አገባሁ። የክፍሌ ልጆች እየጮሁ ተሸከሙኝ። እሱ ግን እጁን ይዞ እያለቀሰ ነበር። ያጫወቱን መምህር ከኋላችን ስለነበሩ በደንብ አላዩም። «ምን ሆኖ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ «አዳልጦት ነው» አልኩ። አንድ ለዜሮ አሸነፍን።

በማግስቱ ጠዋት ልጠራው ቤታቸው ስሄድ እናቱ «ዛሬ ቀድሞህ ሄዷል» አሉኝ። ትምህርት ቤት ሳየው እጁ በፋሻ ታስሯል። አላናገረኝም።

በዚያው ሳምንት በጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ስለ መረብ ኳስ ተማርን። ሜዳው 18 ሜትር በ9 ሜትር ነው። መሐል ላይ መረብ ስላለ ስድስቱም ተጫዋቾች በየራሳቸው ሜዳ ይጫወታሉ። ሙሉ እግርህን ወደ ተጋጣሚህ ሜዳ ካስገባህ ጥፋት ነው። እዚያ ማንንም በክርን መግፋት አይቻልም፤ ብትፈልግ እንኳን መረቡ አለ።

ሩጫም ላይ እንዲሁ ነው። በ100፣ በ200 እና በ400 ሜትር እያንዳንዱ ሯጭ የራሱ መስመር አለው። በ800 ሜትር የመጀመሪያውን ዙር መታጠፊያ እስኪጨርሱ ብቻ በየመስመራቸው ይሮጣሉ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባሉ። የእኛ አትሌቶች በሚታወቁበት በ5000 እና በ10000 ሜትር ግን ሁሉም ተደባልቀው ነው የሚሮጡት። እግር ኳስም እንደዚያው ነው። ትከሻ ለትከሻ መታገል ይፈቀዳል፤ በእጅ ወይም በክርን መግፋት ግን ጥፋት ነው። መረብም መስመርም ስለሌለ የሚለየን ሕጉ ብቻ ነው።

ታላቅ እህቴ በስልኳ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሎምፒክ አትሌት እቴነሽ ዲሮ የ3000 ሜትር መሰናክል ማጣሪያ ስትሮጥ ከሌሎች ሯጮች ጋር ተጋጨች። ጫማዋ ሲያስቸግራት አውልቃ ጣለችውና በአንድ ጫማ ሮጣ ጨረሰች። ሰባተኛ ወጣች። በኋላ ግን ግጭቱ ታይቶ ለፍጻሜ እንድታልፍ ተደረገ። እህቴ «አየህ፣ የሚያይ ሰው ስለነበረ ነው» አለችኝ።

እኔ ግን ደነገጥኩ። የጓደኛዬን ነገር ያየው ማነው? ካሜራ የለም፣ መምህሩም አላዩም። በደንብ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ዋሽቻለሁ። ያን ቀን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ሰኞ ዕለት መጀመሪያ ወደ እሱ ሄድኩ። «እኔ ነኝ የገፋሁህ፣ ይቅርታ» አልኩት። «እንደገፋኸኝማ አውቃለሁ፤ ያናደደኝ አዳልጦት ነው ማለትህ ነው» አለኝ። ከዚያ አብረን መምህሩ ጋ ሄድንና እውነቱን ተናገርኩ። መምህሩም «ውጤቱ አይቀየርም፤ አንተ ግን የሚቀጥለውን ጨዋታ አትሰለፍም» አሉ። የክፍሌ ልጆች በጣም ተናደዱብኝ። «ማን ተናገር አለህ?» ያሉኝም አሉ። ያለ እኔ ተጫውተን ተሸነፍን፤ ከዳር ሆኜ ማየት ከባድ ነበር።

አሁን የጓደኛዬ እጅ ድኗል፤ ጠዋትም አብረን እንመጣለን። ግን እስካሁን «ያቺ ጎል አትቆጠርም፣ ዜሮ ለዜሮ ነን» ይለኛል። እኔም እሺ ብያለሁ።

ውድ አንባቢዎች፣ ሜዳ ላይ መረብ ከሌለ የሚጠብቀን እርስ በርሳችን ነው። ዳኛ ባያይም እኛ እናያለን።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!

ከ7ኛ «ሀ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል