አስፋልት ላይ የማትታመም ሞተር

ለመስክ ሥራ የተሰጠችኝ ሞተር ሳይክል ዲቲ 125 ነበረች፤ ባለ ሁለት ምት፣ ቤንዚንና ዘይት አብራ የምታነድ፣ ከእኔ በፊት ስንቱ የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንደነዳት የማይታወቅ። በ2001 ክረምት ከእንጅባራ ወጣ ብለው ባሉ ቀበሌዎች ለክትባት ስዞር አንድ አመል አወጣች። የገጠሩን መንገድ ስትይዝ ድንገት ድምፅዋ ይጠፋል፣ ወዲያው ይመለሳል፤ ሲመለስም ማርሚታዋ ጥይት ይተኩሳል። ከብቱ ይበረግጋል፣ ልጆች ይስቃሉ።

የአዊ ምድር ደግሞ የፈረስ አገር ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ሲያከብር ያየ ሰው፣ በዚያ አገር መንገድ ዳር ቆሞ የሞተር መርገጫ ሲረግጡ መታየት ምን ያህል እንደሚያሳፍር ይገባዋል። አንድ ፈረሰኛ ሽማግሌ አጠገቤ ሲደርሱ ልጓሙን ያዝ አድርገው፣ «አይዞህ ልጄ፣ የእኔው ካንዴላ የለውም» ብለውኝ አለፉ።

ካንዴላውን ማን ያልጠረጠረ አለ? እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚያ ሲወጣ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጥላሸቱም ኮረንቲውን በጎን ወደ ብረቱ ያሾልከዋል። ፈትቼ ሳየው ግን ጫፉ ቡናማ ነበር፤ የጤነኛ ካንዴላ መልክ። የከተማው ሰው ፍርዱን ቀጠለ። አንዱ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚቸረቸረው ቤንዚን ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበታል አለ፤ ሌላው ውሃ ገብቶባታል አለ፤ ብዙው ሰው ኮይሉን ኮነነ። ኮይል ደግሞ ከባሕር ዳር ካልሆነም ከአዲስ አበባ የሚላክ፣ ዋጋውም የሚቆረቁር ዕቃ ነበር።

ዳንግላ ውስጥ ሥራ ያቆሙ የሚመስሉ፣ ግን ያላቆሙ አንድ አዛውንት መካኒክ እንዳሉ ተነግሮኝ ሄድኩ። ቁልፍ አላነሱም። አንድ በርሜል ላይ ተቀምጠው ይጠይቁኝ ጀመር።

«ስትጠፋ እየደከመች ነው ወይስ ባንድ ጊዜ?»

«ባንድ ጊዜ ነው ጋሼ። መብራት እንደማጥፋት ነው።»

«እንግዲያው ቤንዚኑን ተወው። ቤንዚን ሲያጥራት እያቃሰተች ነው የምትሞት። ባንድ ጊዜ የሚቆረጥ ኮረንቲ ነው። ማርሚታው የሚተኩሰውም ኮረንቲው ሲቋረጥ ሳይነድ ያለፈው ቤንዚን እዚያ ተጠራቅሞ፣ እሳቱ ሲመለስ ስለሚቀጣጠል ነው። ከእንጅባራ እስከዚህስ እንዴት ነበረች?»

«አዲስ ቅዳምን አልፌ እስክገባ አንድም ጊዜ አላቋረጠችም።»

እዚህ ላይ ፈገግ አሉ። ኮይሉ ሲግል የሚከዳ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ አስፋልት ተጉዛ ስትግል ነበር ማቋረጥ ያለባት። ቢሆንም አላመኑም። እስኪመሽ ጠበቁና በጨለማ ሞተሩን አስነስተው የካንዴላውን ገመድ ውሃ ረጩት፤ ልባሱ የተሰነጠቀ ቢሆን ሰማያዊ ፍንጣሪ በላዩ ሲሮጥ ይታይ ነበር። ምንም የለም። ከዚያ መሪውን ያዙና ቀስ ብለው ወደ ግራ ጫፍ አዞሩት። ጸጥ አለች። መለስ አደረጉት፤ ማርሚታው ተኮሰ።

አስፋልት ላይ መሪ እምብዛም አይታጠፍም። በጭቃና በጎማ ቦይ ውስጥ ግን በየእርምጃው ወደ ጥጉ ይሄዳል። ወደ ጋራዥ በአስፋልት እየመጣች ጤነኛ የምትመስለው ለዚህ ነበር።

እንዲህ ባለችው ሞተር ማጥፊያው ኮረንቲውን ቆርጦ ሳይሆን ወደ ብረቱ አፍስሶ ነው የሚያጠፋው። ስለዚህ የማጥፊያው ሽቦ በየትኛውም ቦታ ተልጦ ብረት ከነካ፣ ማንም ሳይነካት ትጠፋለች። መካኒኩ ከማጥፊያው የሚመጣውን ጥቁር ባለ ነጭ መስመር ሽቦ ከማያያዣው ነቀሉና መሪውን ደጋግመው አዞሩት፤ ድምፅዋ ንቅንቅ አላለም። የፊት መብራቱ ተፈቶ ሲታይ ሽቦው የመሪው አንገት ሥር እየታሸ መዳቡ ወጥቷል። ቀድሞ መብራቱን የፈታ ሰው መልሶ ሲያስር ከቦታው አውጥቶት ኖሯል። በናስትሮ ጠቀለሉት፣ ከላዩ የካላማዳሪያ ቁራጭ አለበሱት፣ አንገቱን እንዳይነካ አድርገውም አሰሩት። ኮይል የሸጠልኝ የለም፣ እኔም አልገዛሁም።

አሮጌ ሞተር ሊገዛ የሚሄድ ሰው ብታውቁ ይህን ንገሩልኝ፦ አስፋልት ላይ ነድቶ ብቻ አይመለስ። ቆማ ሞተሯ እየሠራ መሪዋን ከጥግ እስከ ጥግ ያዙረው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋው ይነጋገር።