ስንተኛ ዙር ነዎት?

መልካ ወረር ላይ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ የጥጥ እርሻውን ቦይ ተከትሎ የሚሄድ ሰው የጥበቃ ሽማግሌ አያጣም። እኔ የማውቃቸውን ጋሼ እንበላቸው። የሚቀመጡት ያገሬው ሰው «ወያኔ» በሚለው እሾሃማ ዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ ለቀድሞ የደርግ ወታደር ምን ይባላል! የፕላስቲክ ጠርሙስ በየሱቁ ሞልቶ እርሳቸው ዛሬም ውኃ የሚይዙት በኮዳ ነው። ልብሱ ተቀዶ በጆንያ ተሰፍቷል፤ ክዳኑ በሲባጎ ታስሯል። አንዴ ይጎነጩና አፋቸው ውስጥ አቆይተው ይውጣሉ፤ ክዳኑን ያጠብቁና ኮዳውን ነቅነቅ አድርገው የቀረውን በጆሯቸው ይለካሉ። ያውም አዋሽን የሚያህል ወንዝ አጠገባቸው እየፈሰሰ። ቁጠባውን የተማሩት በጦርነቱ ጊዜ፣ ኤርትራ ውስጥ ሳህል ተራራ ላይ ነው።

ጋሼ ወዶ ዘማች አይደሉም። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት ስድስት ወር ይሠልጥን፣ ሁለት ዓመት ያገልግል፣ ከዚያ እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ይሁን ይላል። ቀበሌው ኮታውን መሙላት ሲያቅተው ግን ዕድሜ የሚጠይቅ ጠፋ፤ ገበያ የወጣውም አውቶቡስ የሚጠብቀውም ታፈሰ። ሁለቱ ዓመትም ሁለት ዓመት ሆኖ አልቀረም። ኤርትራ ውስጥ መጋቢት 1980 አፍአበት በሻዕቢያ እጅ ወደቀች፤ የካቲት 1982 ምፅዋ ተያዘች፤ ብዙው ዘማች የተሰናበተው ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን ነው።

በየዙሩ የተመለመሉት እነዚህ ሰዎች ሲተዋወቁ ከስም አስቀድመው የሚጠያየቁት «ስንተኛ ዙር ነህ?» ብለው ነው። አንድ ቀን ሻይ ቤት ጋሼ «ሦስተኛ» ሲሉ ሌላው ሽማግሌ «አራተኛ» አሉ። በዙር ታናሽ ናቸውና ሂሳቡን አራተኛው ከፈሉ። በዕድሜ ግን የሚበልጡት እርሳቸው ይመስሉኛል!

ስለ ውጊያ ብትጠይቋቸው ርዕስ ይቀይራሉ። ስለ ኮቾሮ፣ ስለዚያ ደረቅ የወታደር ብስኩት፣ ከሆነ ግን አያባሩም፦ ሻይ ውስጥ ምን ያህል እንደሚነከር፣ ሻይ ከሌለ በምን እንደሚፈረከስ፣ ለሌሊት ዘብ የትኛው ኪስ ውስጥ እንደሚቀመጥ።

በ1983 የተበተነውን ወታደር የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሥርቶ ብዙው ወደ ገጠሩ ተሸኘ። መሬት ያላገኘው ቀን ሥራ ገባ፤ ዘብ መቆም የለመደው ደግሞ ጥበቃ ሆነ። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ፣ «የደርግ ወታደር» እየተባለ የኖረው ሰው እንደገና ተፈለገ። ጋሼ ይህንን የሚያወሩት እየሳቁ ነው፤ ሳቁ ደስ አይልም።

ጄኔራሎቹና ኮሎኔሎቹ ማስታወሻቸውን እየጻፉ አሳትመዋል፤ ደግ አደረጉ። ከቀበሌ ታፍሶ የሄደው ግን ብዙም አልጻፈም፤ የመጀመሪያው ዙር ታናሹ እንኳ ዛሬ ስድሳ ገደማ ነው። ቤታችሁ ወይም ሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ የስልካችሁን መቅጃ ከፍታችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ከውጊያው አትጀምሩ፤ ከኮቾሮው ጀምሩ።