ከምድር በታች የሚተኛው አበባ

ከሻሸመኔ ተነሥቶ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚጓዝ መንገደኛ ቍሊቶን ካለፈ በኋላ፥ ቦዲቲ ከመድረሱ በፊት ሾኔን ያገኛል። ሾኔ በሀዲያ ምድር የባደዋቾ ከተማ ናት፤ በስተ ምሥራቋም የብላቴ ወንዝ ወደ ዐባያ ሐይቅ ይወርዳል። በጥርና በየካቲት በዚህ መንገድ ስናልፍ ምድሪቱ በሁለት መልክ ትታየናለች። በየደጁ የቆመው እንሰት በክረምት እንደ ነበረው ለምለም ነው፤ የግጦሹ ሣር ግን ደርቆ መስኩ ባዶ ይመስላል። እንዲህ ያለ ባዶ የሚመስል መስክ ምን ያህል ሕይወት ሊሸሽግ እንደሚችል ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበናል።

ኦርኪድ የሚባለው አበባ ወገኑ እጅግ ብዙ ነው፤ በአገራችን በኢትዮጵያ ብቻ ከ150 የሚበልጡ ዐይነቶች ተቈጥረዋል። ከነዚህ አንዳንዶቹ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ፤ ሌሎቹ በሣር መካከል ከምድር ይበቅላሉ። ሊቃውንት ሀቤናሪያ፥ ሳቲሪየምና ዲሳ ብለው የሚጠሯቸው ከምድር የሚበቅሉት ናቸው። ዝናም ሲጥል ቅጠል አውጥተው ያብባሉ፤ ዝናም ሲያቆም ቅጠላቸውም አገዳቸውም ይደርቃል። ነገር ግን ደረቁ እንጂ አልሞቱም። በዝናሙ ወራት ከአሮጌው ሥር አጠገብ ድንች የመሰለ አዲስ ሥር አዘጋጅተዋልና፥ እርሱ ከምድር በታች ተኝቶ በጋውን ያሳልፋል። ይህ ነገር ለዚያ አገር ገበሬ እንግዳ አይደለም፤ በጎረቤት በወላይታ ቦዬ የሚባለው ተክል ሐረጉ ሲደርቅ ሥሩ ሕያው ሆኖ እንደሚቆይ ያውቃልና።

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። በሂማላያ ተራሮች የሚበቅለው ፕሌዮኒ ቅጠሉን አራግፎ የብርዱን ወራት ይተኛል። የእርሱን እንቅልፍ የሚያዝዘው ብርድ ሲሆን የኛዎቹን የሚያስተኛቸው ድርቅ ነው።

እንግዲህ ከአትክልተኛ የተገዛ እንዲህ ያለ አበባ በቤቱ ያለው ሰው ይህን ይወቅ። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲዠምር ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ ይቀንስ፤ ሲደርቅም ከነዕቃው ጥላ ባለበት ቀዝቃዛ ስፍራ ያኑረው። ደርቋል ብሎ ውሃ የሚያበዛበት ሰው ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ ሞቷል ብሎ የሚጥለውም ሕያው ነገር ይጥላል። አዲስ ቡቃያ ብቅ ሲል ውሃውን እንደ ገና በጥቂቱ ይዠምርለት። ዴንድሮቢየም ኖቢሌ የሚባለውም ቀዝቃዛ ሌሊትና ጥቂት ውሃ ያለበት ዕረፍት ካላገኘ በአበባ ፈንታ ቡቃያ ያወጣል፤ ለዚህም የደጋችን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይስማማዋል።

ከዱር ቈፍሮ ማምጣት ግን ሌላ ነገር ነው። የኦርኪድ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ስለ ሆነ ለራሱ ስንቅ የለውም፤ በምድር ውስጥ ያለ ከሻጋታ ወገን የሆነ ረቂቅ ፍጥረት ካልመገበው አይበቅልም። ይህን ኖኤል ቤርናር የተባለ ፈረንሳዊ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1899 አገኘ። በ1922 ደግሞ ሉዊስ ክኑድሰን የተባለ አሜሪካዊ ዘሩን በስኳር መግቦ ለማብቀል ቻለ። ስለዚህ አበባው ዛሬ በብልኀት ሊራባ ሲችል፥ ከዱር የተነቀለው ግን መጋቢውን ትቶ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ይሞታል።

በዛምቢያ ቺካንዳ የሚባል ምግብ ከነዚሁ ከዲሳ፥ ከሳቲሪየምና ከሀቤናሪያ ሥር ይሠራል። ፈላጊው በበዛ ጊዜ ቈፋሪዎች እስከ ታንዛኒያ ደቡብ ደጋ ድረስ ተሻገሩ፤ በ2003 የታተመ ምርመራ ከዚያ በየዓመቱ ከ2 ሚሊዮን እስከ 4 ሚሊዮን የሚሆን ሥር ይወጣ እንደ ነበረ ገምቷል። ኢትዮጵያ በ1989 የገባችበት የዱር እንስሳትና የዕፀዋት ንግድ ያለም ውል የኦርኪድን ወገን በሙሉ ይጠብቃል፤ ከዱር ነቅሎ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው።

ነገር ግን ውሉ የሚይዘው ነጋዴውን ነው፤ ማረሻን አይዝም። መሬት ለመመርመር የሚወጣ ሹም ብዙ ጊዜ መንገዱ በደረቀበት በበጋ ይሄዳል፤ በዚያን ጊዜ የሚያየው ደረቅ ሣር ብቻ ስለ ሆነ «ይህ ጠፍ ነው፤ ይታረስ» ብሎ ቢፈርድ አይፈረድበትም። የሚያርሰውም ገበሬ እህል ያስፈልገዋል። ቢሆንም ማረሻ የገለበጠው ሥር ፀሓይ ያደርቀዋል፤ በሚመጣውም ክረምት የጠፋውን የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ የመስክ ነገር የሚቈረጥለት ሹም ከመፍረዱ በፊት አንድ ጊዜ በዝናም ወራት ደግሞ ቢመለከት፥ ለገበሬው የሚሆነውን መሬት ከተኛው አበባ ለይቶ ለሁለቱም ማዳረስ ይችላል።