ጥፋቱ የማን ነበር?

ከአዳማ ወደ ሐዋሳ ስንጓዝ ሞተር ሳይክላችን ወደ ቀኝ እየጎተተ አስቸገረኝ። ከኋላዬ የተቀመጠችውን ባለቤቴን «ተስተካክለሽ ተቀመጪ እንጂ!» እያልኩ ስነጫነጭባት ዝዋይ ደረስን። እዚያ ብቻዬን ብነዳውም ያው ነው። የጎማዎቹ ንፋስ ትክክል ነበር።

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ከኋላ ጎማ ግራና ቀኝ ያሉትን የካቴና ማስተካከያ ምልክቶች አየና «ካቴናውን ማን ነው ያጠበቀው?» አለ። በዋዜማው ያጠበቅኩት እኔ ነኝ፤ አንዱን ወገን ከሌላው አብልጬ ስስበው ጎማው ተጣሟል። ዳዶውን አላልቶ ምልክቶቹን እኩል አደረጋቸውና መልሶ አጠበቀው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሄደ።

ባለቤቴ ግን ዝም እንዳለች ናት። ሻሸመኔ ስንደርስ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኳት።

«ሁለተኛ ስታጠብቅ ጥራኝ» አለች።

አሁን የግራውን ምልክት እኔ፣ የቀኙን እሷ እናያለን።