ሲልቨር ስፕሪንግን በእግር

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሜትሮ የሚወርድ ሐበሻ ሐሳቡ ቁርስ ላይ ነው። እኔም ከዚያ አላልፍም። ዛሬ ግን ፍርፍሩን ለአንድ ሁለት ሰዓት አቆይቼ፣ መንገድ ላይ የማገኘውን ሕንፃ ሁሉ "አንተ እዚህ እንድትቆም ማን ስንት ከፈለ?" እያልኩ ልዞር ተነሥቻለሁ። በሰፈሩ የብዙ ሰው የግብር ፎርም ስለማነብ ይሆናል እንዲህ ያለ አመል ያወጣሁት።

ሲልቨር ስፕሪንግ ለዚህ ጥያቄ የተፈጠረች ናት። ከዋሽንግተን ዲሲ ድንበር ላይ የተለጠፈችውን ይህችን የሜሪላንድ ከተማ ከተማ እንላታለን እንጂ በሕግ ከተማ አይደለችም። ከንቲባ የላትም፣ የከተማ ምክር ቤትም የላትም። የሚያስተዳድራት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው፤ ከካውንቲው በላይ ደግሞ የሜሪላንድ ስቴት አለ። ስለዚህ እዚህ "መንግሥት ረዳ" ሲባል የሚከፈቱት ሁለት ኪሶች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም የሚከፈቱት አብረው ነው።

ከሜትሮው ወጥቼ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ስደርስ መጀመሪያ የሚገጥመኝ ያ ግዙፍ ሕንፃ ነው። የዲስከቨሪ ቴሌቪዥን ዋና መሥሪያ ቤት ነበር። ኩባንያው ከጎረቤት ቤተስዳ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲገባበት (ዛሬ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) ለዚች መንደር ትንሣኤ ተደርጎ ተቆጠረ። ሰው አልተሳሳተም። ከዚያ በፊት የነበረውን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ሲያወሩ መስማት ነው። ኮልስቪል ሮድ ላይ ያለው የሲልቨር ሲኒማ በ1984 ተዘግቷል፤ ሄክትስ የሚባለው ትልቅ መደብር ከእሱ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሄዷል፤ ሱቆቹ መስኮታቸውን በጣውላ ደፍነዋል። በ1990ዎቹ የሚኒሶታውን "ሞል ኦፍ አሜሪካ" የገነቡት ባለሀብቶች መጥተው፣ ሰው ሠራሽ ማዕበል ያለው መዋኛ ጭምር የሚይዝ ግዙፍ የገበያ አዳራሽ እንሠራለን ብለው ነበር። ካውንቲው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሲያስብ ከርሞ በ1996 ተወው። ማዕበል ቀርቶ ዲስከቨሪ መጣ።

ሲመጣ ታዲያ ባዶ እጁን አልተቀበሉትም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የሚፈታው በአንድ ቃል ነው፦ ኢንተርፕራይዝ ዞን።

ሜሪላንድ ይህን ሕግ ያወጣችው በ1982 ነው። የደከመ ሰፈር ተመርጦ "ዞን" ይባላል፤ ስያሜው 10 ዓመት ይቆያል። ሲልቨር ስፕሪንግም በ1990ዎቹ ይህን ስም አግኝታ፣ ጊዜዋ ሲያልቅ አስረክባለች። ዞን ውስጥ ሕንፃ የሠራ ወይም ያደሰ ሰው፣ በሥራው ምክንያት በጨመረው የንብረት ግብር ላይ ቅናሽ ያገኛል። በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ከጭማሪው 80 በመቶው ይቀርለታል፤ ከ6ኛው ዓመት ጀምሮ ቅናሹ በየዓመቱ በ10 እየወረደ በ10ኛው ዓመት 30 በመቶ ላይ ያርፋል።

በቁጥር እንየው። ሕንፃው በመታደሱ ምክንያት ግብሩ በዓመት 10,000 ዶላር ጨመረ እንበል። ባለቤቱ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት የሚከፍለው 2,000፣ 2,000 እያለ 10,000 ነው። ከዚያ 3,000፣ 4,000፣ 5,000፣ 6,000፣ 7,000። በ10 ዓመት ውስጥ 100,000 መክፈል የነበረበት ሰው 35,000 ከፍሎ ይወጣል። ከቀረው 65,000 ግማሹን ስቴቱ ለካውንቲው ይተካለታል። በዚህ ላይ አዲስ ሠራተኛ ለቀጠረ ድርጅት በሰው 1,000 ዶላር ከገቢ ግብሩ ይቀነሳል፤ የተቀጠረው በኑሮው የተቸገረ ሰው ከሆነ ደግሞ በ3 ዓመት ውስጥ እስከ 6,000 ይደርሳል።

ልብ በሉ፤ የንብረት ግብሩ ቅናሽ የተጻፈው በግድግዳው ስም ነው። ግድግዳው ውስጥ የሚሠራው ሰው ስም የለበትም። ለዲስከቨሪ ይህ ችግር አልነበረም፤ ግድግዳውም የራሱ፣ ውስጡም የራሱ። ለሌላው እንዴት እንደሆነ ፌንተን ስንደርስ እናየዋለን።

ዲስከቨሪ ለ15 ዓመት ያህል የመንደሩ ጌጥ ሆኖ ኖረ። የሻርክ ፕሮግራሙ ሳምንት ሲደርስ በአየር የተነፋ አስፈሪ ሻርክ ሕንፃው ላይ ይሰቀል ነበር፤ ጭንቅላቱ በአንድ በኩል፣ ጭራው በሌላ በኩል ወጥቶ፣ ሕንፃውን ሰንጥቆ የሚያልፍ ነበር የሚመስለው። ስሙ ቾምፒ ነው። የሐበሻ ልጆች ሳይቀሩ "ቾምፒን ካላየን" እያሉ ወላጅ ያስቸግሩ ነበር። ከዚያ በጥር 2018 ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ኒውዮርክ እንደሚያዛውር አስታወቀ። ካውንቲው ማበረታቻ አቅርቤለት ነበር ቢልም አላስቆመውም። ወደ 1,300 የሚጠጋ ሠራተኛ ምሳውን የሚበላው በዚሁ አካባቢ ነበር። ሕንፃው ተሽጦ ዛሬም ቆሟል። ሻርኩ ግን የለም።

ወደ ኮልስቪል ሮድ እታጠፋለሁ። የሲልቨር ሲኒማን ሳይ ቁጣዬ ይበርዳል። በ1938 የተከፈተ፣ ጆን ኤበርሰን የሚባል አርክቴክት የነደፈው ቤት ነው። በሕዝብ ገንዘብ ታድሶ በ2003 የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት ተረከበው። የግብር ገንዘብ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ሲውል ክርክር አላነሣም። የትም አይሄድም፤ ኒውዮርክ ተሻለኝ አይልም።

ከእሱ ፊት ለፊት ግን ፊልሞር የተባለው የሙዚቃ አዳራሽ አለ፤ ድሮ ጄሲ ፔኒ የሚባል የልብስ መደብር የነበረ ነው። በመስከረም 2011 ተከፈተ። ቦታውን አንድ የመሬት ባለቤት ሰጠ፤ ለማደሻ ስቴቱ 4 ሚሊዮን፣ ካውንቲው 4 ሚሊዮን ዶላር አወጡ፤ ሥራውን የያዘው ደግሞ ላይቭ ኔሽን ነው፤ በዓለም ላይ ኮንሰርት ከሚያዘጋጁት ኩባንያዎች ሁሉ ትልቁ። በአካባቢው በራሳቸው ገንዘብ የሙዚቃ ቤት የሚያሠሩ ነጋዴዎች "ተወዳዳሪያችንን ለምን በግብራችን ታቆማላችሁ?" ብለው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ነበር። አልሆነላቸውም። ቅዳሜ ማታ አዳራሹ ሲሞላ የጎረቤት ምግብ ቤቶች እንደሚጠቀሙ አልክድም፤ እኔም ወረፋ ጠብቄ አውቃለሁ። ግን ካልጠፋ ሰው ለዚህ ኩባንያ አዳራሽ ማደስ ለሠርግ ደጋሽ ጠላ እንደማዋጣት አይሆንም?

ኤልስዎርዝ ድራይቭ ላይ ሌላ ዓይነት ማበረታቻ አለ፤ መንገዱ ራሱ። የካውንቲው መንገድ ሆኖ ሳለ አካባቢውን ላለማው ኩባንያ በኪራይ ተሰጥቷል። ይህን አብዛኛው ሰው ያወቀው በ2007 ነው። አንድ ፎቶ አንሺ እዚያ ቆሞ ሲያነሣ ጥበቃ መጥቶ "እዚህ ማንሣት አይቻልም፣ የግል ቦታ ነው" አለው። በዚያው ዓመት ጁላይ 4 ቀን ሕዝቡ ካሜራውን ይዞ በሰልፍ ወጣ፤ ካውንቲውም መንገዱ የሕዝብ መሆኑን ተናገረ፣ ኩባንያውም ደንቡን ቀየረ። ዛሬ ዘመዶቻችን በነጭ ልብስ አሸብርቀው ፎቶ ሲነሡ የሚከለክላቸው የለም።

ቀጥሎ ያለው የቬተራንስ ፕላዛ አደባባይ ነው፤ በ2010 ከሲቪክ ሕንፃው ጋር ሲከፈት የተሠራ። በፊት እዚያ የነበረውን ሰው ሠራሽ የሣር ምንጣፍ ዛሬም የሚናፍቅ አለ። ካውንቲው ለጊዜው ብሎ ያነጠፈው ሣር ነበር፤ ሰው ግን ምንም ሳይከፈለው፣ ማንም ሳያበረታታው ይጎርፍበት ነበር። እሱን አልፌ እሄዳለሁ፤ ራበኝ።

ፌንተን ስትሪት ላይ የሕንፃዎቹ ቁመት ይወርዳል፤ ሽታው ደግሞ ይነሣል። ቡና፣ በርበሬ፣ የተጠበሰ ሥጋ። የኢትዮጵያ ምግብ ቤት፣ የኢትዮጵያ ሸቀጣ ሸቀጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ሒሳብ ሠሪ። ሲልቨር ስፕሪንግን ሰው ከሩቅ ነድቶ እንዲመጣባት ያደረጓት እነዚህም ናቸው። የሻርኩ ቤት ሲዘጋ የትም አልሄዱም።

የማውቃት ትንሽ ካፌ ውስጥ ገባሁ። ባለቤቲቱ እትዬ ከኋላ ወጥታ "ዛሬ ደግሞ አረፈድህ" አለችኝ። ቀጥላ ፍርፍር ሳታመጣ ወረቀት አመጣች። የአከራይዋ የዓመት መጨረሻ ሒሳብ ነው። ውሏ "ትሪፕል ኔት" የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከኪራዩ በላይ የሕንፃውን የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስና ጥገና በድርሻዋ ትከፍላለች። ዘንድሮ ግብሩ ስለጨመረ የእሷም ጨምሯል።

"ግን እኮ ሕንፃው የእኔ አይደለም" አለችኝ።

"አይደለም።"

"ታዲያ ግብሩ የማን ነው?"

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። የዞን ቅናሽ ባለበት ሰፈር አከራዩ ቅር ካላለው ለተከራይ ያካፍላል፤ ካላካፈለም ጠያቂ የለውም። ቅናሹ እያለቀ ሲሄድ ግን ጭማሪው በውሉ መሠረት ቀጥ ብሎ ወደ እሷ ይወርዳል። ቅናሹ በደረጃ፣ ጭማሪው በአሳንሰር ይወርዳል።

ለእሷ ዓይነት ሰው ምንም የለም ማለት ግን ውሸት ይሆናል። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ካውንቲው ለትናንሽ ድርጅቶች 20 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ለአንድ ድርጅት እስከ 75,000 ድረስ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ማስታወቂያዎቹንም በአማርኛ ያወጣል። ከፖቶማክ ማዶ አርሊንግተን ላይ ደግሞ ዶክተር ፀሐይ ተፈራ በ1983 የመሠረቱት የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት አለ፤ በሥሩ ያለው የብድር ክፍል ባንክ ፊት ለማይሰጠው ስደተኛ ነጋዴ ብድር ይሰጣል። ይህም ሆኖ ብድር ይመለሳል፤ የግብር ቅናሽ አይመለስም። እትዬ የምትወስደው የሚመለሰውን ነው።

ትልልቆቹ ጋ ጨዋታው ሌላ ነው። አማዞን ሁለተኛ ዋና መሥሪያ ቤት ሊሠራ ሲያወዳድር ሜሪላንድ ለዚሁ ካውንቲ ብላ 8.5 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ጥቅል አቀረበች። በኅዳር 2018 ኩባንያው ከመረጣቸው አንዷ ከዚያ እጅግ ያነሰ የሰጠችው ቨርጂኒያ ናት። ቨርጂኒያ ያቀረበችለት ለመጀመሪያዎቹ 25,000 ሠራተኞች በሰው 22,000 ዶላር ነበር። በጣም የከፈለው ካላሸነፈ ሲጀመር ገንዘቡ ምን እየገዛ ነበር? "እሄዳለሁ" ማለት የሚችል ኩባንያ ብቻ ነው እንዲህ የሚለመነው። እትዬ እሄዳለሁ ብትል አከራዩ ቁልፉን ይቀበላታል።

ከቦርሳዬ ሌላ ወረቀት አወጣሁ። ካውንቲው ባዶ ቢሮዎችን ለመሙላት ያመጣው ሞቭ የሚባል ድጎማ አለ፤ አዲስ ቢሮ ለተከራየ ድርጅት በካሬ ጫማ 8 ዶላር ይሰጣል፤ ጣሪያው 80,000 ነው። እትዬ አንገቷን አስግጋ አየችው።

"የእኔ ቤት 900 ካሬ ጫማ ነው።"

"7,200 ዶላር ይሆን ነበር።"

"ምጣዶቹን ሁሉ ይቀይርልኛላ!"

"ለቢሮ ነው የሚለው፣ እትዬ። ምግብ ቤት አይገባም።"

ትንሽ አሰበችና "እኔም እኮ ቢሮ አለኝ" አለች። ይዛኝ ወደ ኋላ ገባች። ከሽንኩርት ጆንያው አጠገብ ደረሰኝ የተቆለለባት አንዲት ጠረጴዛ አለች፤ ከሥሯ የዘይት ጀሪካን። በዓይናችን ለካናት፤ ከነወንበሯ 12 ካሬ ጫማ ትሆናለች። በ8 አባዛነው፤ 96 ዶላር መጣ። እትዬ እየሳቀች ምጣዱ ላይ ቅቤ ጣለች።